ሞልቶ የሚመለስ ኮዳ

ጥቅምት 9

ኮዳው ዛሬም ሞልቶ ተመለሰ። ጠዋት ውሃ ቀድቼ፣ ክዳኑን አጥብቄ ለባሌ እሰጠዋለሁ፤ ማታ እንደሰጠሁት ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጠዋል። ክዳኑ እንኳ አልተነካም። ቀኑን ሙሉ በዚያ ሙቀት መሪ ይዞ ተቀምጦ… ምን ዓይነት ጉሮሮ ነው? ውሃውን መስኮቱ ላይ ላለችው አበባ አጠጣኋት። እዚህ ቤት የወፈረችው እሷ ብቻ ናት።

“ጠጣ እንጂ፣ ሰውዬ” አልኩት።

“ግመል ለውሃ አይቸኩልም” አለኝ፣ ጫማውን እያወለቀ።

መናኸሪያው ውስጥ ስሙ ግመሉ ነው። አውቶቡሱን ጠዋት ይዞ ይወጣል፣ ማዶ ያለው ከተማ ያደርሳል፣ ሌላ ሰው ጭኖ ማታ ይመለሳል። በመሀል ውሃ አይቀምስም። ተሳፋሪ ሲለምነው ያቆማል እንጂ እሱ ከመሪው አይወርድም። ሌሎቹ ሹፌሮች ይገረሙበታል፤ እሱም ይኮራበታል።

እኔ ላውንደሪ ዋልኩ። የሆቴል አንሶላ ስለይ። ወገቤ የኔ አልመስል አለኝ።

ጥቅምት 14

የራሳችንን አንሶላ አጠብኩ። ሽታው… የሰው አንሶላ ሳጥብ ነው የኖርኩት፤ የታመመ ሽንት አይጠፋኝም። እንደ ቆመ ኩሬ ነው የሚሸተው። በእሱ በኩል ጠብ ጠብ ያለ ነገር አለ፣ ቀላ ያለ። ከባለፈው ክረምት ወዲህ ስንተኛው ነው? መቁጠር ትቻለሁ።

ሽንት ቤት ሲገባ የእጅ መታጠቢያውን ቧንቧ ይከፍታል። እንዳልሰማ ነው። ውሃው ይፈሳል፣ ይፈሳል… እሱ አይወጣም። ሲወጣ ግንባሩን አልቦታል።

“ምነው?”

“ምን ምነው?”

አለቀ። የኛ ቤት ወሬ ይሄው ነው።

ጥቅምት 15

“ተሻለኝ” አለ። ማን ጠየቀው?

ጥቅምት 19

ሳሙና የተጠቀለለበትን ጋዜጣ አልጣልኩም። ፊደል የቆጠርኩት ከእንደዚህ ያለ ቁራጭ ነው፤ ልጄ ትምህርት ቤት ስትሄድ እኔ እየደበቅኩ የሱቅ ወረቀት አነብ ነበር። እስከ ዛሬ የተጻፈ ነገር መጣል አልችልም።

የዛሬው ቁራጭ ስለ ጤና ነው። “የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን በወንዶች ላይ ሲደጋገም በፍጹም ችላ ሊባል የማይገባው…” ይላል፤ እዚያ ላይ ተቀዷል። ችላ ሊባል የማይገባው ምን? ሌላው ግማሽ የትኛው ሳሙና ላይ ይሆን?

ጥቅምት 22

ባለካውያዋን ጠየቅኳት። አጠገቤ የምትተኩስ ናት፤ የማታውቀው የለም።

“የወንድ ሽንት ሲያቃጥል፣ ሲድን፣ ደግሞ ሲመለስ ምንድን ነው?”

“የማን ወንድ?”

“የአጎቴ ልጅ ባል።”

“የአጎትሽ ልጅ ባል ሹፌር ነው?”

አንሶላ ማጠፌን ቀጠልኩ። ካውያዋን አንሶላው ላይ አሳረፈች። እንፋሎቱ ፊቷን ሸፈነው።

“የሴት ሲሆን ብርድ ነው ይባላል” አለች ከእንፋሎቱ ውስጥ። “የወንድ ግን አድራሻ አለው።”

ጥቅምት 23

አድራሻ።

ማዶ ደርሶ እስኪመለስ ያለውን ሰዓት “ወንበሬ ላይ አሸልባለሁ” ነው የሚለኝ። ይሄን ሁሉ ዓመት አሸልቦ? ሸሚዙን ከማጠቤ በፊት አሸተትኩት። ናፍጣና ላብ። ሌላ ምንም። ናፍጣ ሽቶ ይደብቃል?

በዚህ ዕድሜዬ የባሌን ሸሚዝ የማሸት ሴት ሆንኩ።

ጥቅምት 30

ጠየቅኩት። የጫማውን ክር እያሰረ ነበር።

“ሴት አለችህ?”

እጁ ክሩ ላይ ቆመ። ቀና አላለም። 

“ብትኖረኝ ይሻለኝ ነበር” አለና ወጣ።

ይሄ ምን ማለት ነው? አለች ነው? የለችም ነው? ቀኑን ሙሉ አንሶላ ስለይ ነጩን ከባለቀለሙ ደባለቅኩ። አለቃዬ ጮኸችብኝ። ልክ ናት።

ኅዳር 6

ልጄ ደወለች።

“እማ፣ አባዬ ደህና ነው?”

“ደህና ነው። ሥራ ነው።”

“አንቺስ? ድምፅሽ ልክ አይደለም።”

“ጉንፋን ነው።”

ለልጅ ምን ይባላል? አባትሽ ታሟል፣ እኔ ግን ልዘንለት ወይ ልዘንበት አላወቅኩም ይባላል? ሆድ ይፍጀው።

ኅዳር 11

ኮዳው ባዶውን መጣ። አገላብጬ አየሁት፣ ክዳኑን ከፍቼ አየሁት። ጠብታ የለም። ምንም አላልኩም፤ እንዳላስደነግጠው። ደግሜ ብናገር እልህ ይይዘዋል። አበባዋን ከቧንቧ ቀድቼ አጠጣኋት።

ጠጣ ማለት ነው። አንድ ነገር ሰማኝ ማለት ነው።

ኅዳር 19

አንቀጠቀጠው። በሁለት ብርድ ልብስ ላይ የኔን ካፖርት ጨመርኩበት፤ አልጋው እስኪንቀጠቀጥ። ጥርሱ ሲጋጭ ይሰማል። “ያልፋል፣ ያልፋል” ይላል። ጎረቤት ጠርቼ ደግፈን ሆስፒታል ወሰድነው።

ሐኪሟ ሴት ናት፣ ልጃችን የምታህል። እንዳያት ፊቱ ጠቆረ።

“አባቴ፣ ሽንትዎ ለመጀመር ይዘገያል?”

“አይ።”

“ከጨረሱ በኋላ ይንጠባጠባል?”

“አይ።”

“ሌሊት ያስነሳዎታል?”

“አይ። ደህና ነኝ።”

እኔ ከጎኑ ነኝ። የዚህን ሁሉ መልስ አውቃለሁ። አፌ ተሳሰረ።

ማመን ትታ በመሣሪያ አየችው። ሽንቱን ሸንቶ ከመጣ በኋላ ፊኛው ውስጥ ብዙ ቀርቶ አገኘች። ወረቀት ላይ ሣለችልን። ፕሮስቴት የሚባለው ዕጢ አብጦ ቧንቧውን እንደ ቀለበት ጠብቆታል። “ቦይ ሲደፈን ውሃው ይቆማል አይደል? የቆመ ውሃ ይሸታል። የእርስዎም እንደዚያ ነው። ቦዩ እስኪከፈት ደግሞ ይመላለሳል። ውሃ አለመጠጣት ይብስበታል።”

ያኔ አፌ እኔን ሳያስፈቅድ ተከፈተ። “ዶክተር፣ ከሴት የሚመጣ ነው?”

እሷ ወደኔ ዞረች፤ እሱም ዞረ። “የእሳቸው ከዚህ ነው” አለች፣ ሥዕሉን በእስክሪብቶ እየነካች። “ከማንም አይደለም።”

ትኩሳቱን በማብረጃ አበረዱለትና ሽንቱን በማግስቱ በብልቃጥ እንዲያመጣ አዘዙት። የትኛው ተህዋስ እንደሆነና የትኛው መድኃኒት እንደሚገድለው ለማወቅ አሳድገው ያዩታል አሉ። ደረጃው ላይ ቆም አለ።

“ወሩን ሙሉ ሴት ነው ብለሽ ነበር?”

“አንተ ነህ ያስባልከኝ። ‘የለችም’ ማለት ስንት ቃል ነው?”

“ሴት አለው ብትዪ…” የደረጃውን ብረት ይዞ ተነፈሰ። “ቢያንስ ወንድ ነው ብለሽ ነው።”

ክንዱን ደግፌ አወረድኩት። 

ኅዳር 23

ውጤቱ መጣ። ምንም አልበቀለም። ሐኪሟ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበችው።

“ሽንቱን ከመስጠትዎ በፊት መድኃኒት ወስደው ነበር?”

“አይ” አለ።

ለማንኛውም ብላ የሚዋጥ ሰጠችው፤ እስኪያልቅ እንዳይተው አስጠነቀቀችው። ኦፕሬሽን ሳያስፈልገው አይቀርም፤ መጀመሪያ ግን ኢንፌክሽኑ ታውቆ መጥራት አለበት አለች። ኦፕሬሽን ስትል መስኮቱን ማየት ጀመረ።

ኅዳር 28

ከእሱ ጋር የምትሠራዋን ትኬት ቆራጭ ሱቅ በር ላይ አገኘኋት። አፏ አያርፍም፤ ልቧ ግን ንጹህ ነው።

“እትዬ፣ እርስዎ ውሃ ባይልኩልን እኮ መኪናችን ነዶ ነበር!”

“የምን ውሃ?”

“የኮዳው ነዋ። ራዲያተሩ ያፈሳል። ዳገቱ ላይ ሲግል ጋሼ የእርስዎን ውሃ ገልበጥ ያደርጉለታል። ‘ሚስቴ ለመኪናው ታስባለች’ ይላሉ።”

ሳቅኩ። ምን ላድርግ? እሷም ሳቀች። ከዚያ ለምን ከመሪው እንደማይወርድ ጠየቅኳት። ድምጿን ዝቅ አደረገች።

“ዓምና አንድ ጊዜ ወርደው ነበር። እዳር ቆሙ፣ ቆሙ… ሰው ጠበቀ። አንዱ ከኋላ ወንበር ‘ሹፌር፣ ቧንቧ ሠሪ እንጥራልህ ወይ?’ አለ። አውቶቡሱ በሙሉ ሳቀ። እኔም ስቄያለሁ፣ እትዬ፣ አልዋሽዎትም። ከዚያ ወዲህ ወርደው አያውቁም።”

ግመሉ ይሄ ነው። ካልጠጣ አይወርድም፣ ካልወረደ አይሳቅበትም።

ኮዳውን ማታ ባዶውን ተቀበልኩት። አጠብኩት። “ጠጣህ?” አላልኩም። እንዲዋሽ ማድረግ ለምን?

ታኅሣሥ 4

የሸሚዙ ኪስ ውስጥ እንክብሎች አገኘሁ። አንዱ ቀይና ጥቁር፣ አንዱ ቢጫ። ሐኪሟ የሰጠችው ነጭ ነው።

“ይሄ ምንድን ነው?”

“የቆርቆሮው ነው።”

ለካ መናኸሪያው በር ላይ፣ የዘበኛው ጎጆ ውስጥ፣ የብስኩት ቆርቆሮ አለ። ታሞ የዳነ ሹፌር የተረፈውን መድኃኒት እዚያ ይጥላል፤ የታመመ ከዚያ ይወስዳል። ለጥርስም፣ ለሆድም፣ ለሽንትም። ከድሮ ጀምሮ ነው። “ሹፌር ለሹፌር” ይሉታል። ዶክተር ቆርቆሮ የሚሉትም አሉ።

“የትኛው ለምን እንደሆነ በምን ታውቃለህ?”

“በቀለሙ።”

 “ሽንትህን የሰጠህ ቀንስ? ከዚህ ውጠህ ነበር?”

“ከዋዜማው ጀምሮ። በዚያች ልጅ ፊት… እንዲያ የቆሸሸ ነገር በብልቃጥ ልስጣት? ትንሽ ጠራ ብሎ ይሂድ ብዬ ነው።”

እኛ ላውንደሪ እንዲህ ያለ ደንበኛ አለ። እድፉ እንዳይታይበት ልብሱን ቤቱ አሽቶ ያመጣል። እድፉ አይለቅም፤ ከምን እንደሆነ ብቻ ይጠፋብናል።

የነጩስ ቀሪ? ሲሻለው ግማሹን ቆርቆሮ ውስጥ ጥሎታል። ሌላ የታመመ ይጠቀምበት ብሎ። ደግ ሰው ነው። ክፉ ቢሆን ኖሮ ይሻለኝ ነበር።

ታኅሣሥ 12

እንደገና ማቃጠል። እንደገና ሐኪሟ ጋ።

እንዲሁ ትጠይቃለች፣ እንዲሁ “አይ፣ አይ” ይላል። ሌላ ብልቃጥ ልታዝ ወረቀት ስትስብ ተናገርኩ።

“ዶክተር፣ ሽንቱን ከመስጠቱ በፊት መድኃኒት ይውጣል። ከመናኸሪያ ቆርቆሮ። አሁንም ውጧል። የሰጠሽውንም አልጨረሰም።”

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። አልተቆጣችም። ተቆጥታ ቢሆን ኖሮ እሷን አይ ነበር፤ አሁን ያየሁት እሱን ነው። ጆሮው ድረስ ቀላ፤ እንደ ተማሪ አንገቱን ደፋ።

ምንም ሳይውጥ ሁለት ሳምንት ቆይቶ እንዲመጣ አዘዘች። “ነገር ግን ትኩሳት ወይም ብርድ ብርድ ካልዎት የቀጠሮ ቀን አይጠብቁ። በዚያው ሰዓት ይምጡ። ሥራ ላይ ቢሆኑም።” በግማሽ የሚተው መድኃኒት ተህዋሱን አይገድለውም፣ ያስተምረዋል አለች።

ሲመለስ ከፊት ከፊቴ ሄደ። መንገድ ስንሻገር ሁልጊዜ ክንዴን ይይዝ ነበር።

ታኅሣሥ 13

ዘበኛው ጋ ሄድኩ። ሽማግሌ ናቸው።

“አባባ፣ ለእሱ ከቆርቆሮው እንዳይሰጡብኝ።”

“ልጄ፣ ቆርቆሮው ክፍት ነው። የኔ አይደለም።”

“ይደብቁበት።”

“ይሄ ቆርቆሮ ስንቱን አድኗል መሰለሽ።”

“ስንቱንስ ገድሏል?”

“የሞተ ተመልሶ አልከሰሰኝም” አሉና ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። ዓይኔን ሲያዩ እሳቸውም ተዉት። “እሺ። ለግመሉ የለም እለዋለሁ። ቃሌ ነው።”

ታኅሣሥ 20

አያናግረኝም። ይበላል፣ ይተኛል፣ ሬዲዮው ሲሳሳት ሬዲዮውን ይገሥጻል። ከቆርቆሮው በፊትም ብዙ አናወራም ነበር፤ ያኔ ዝምታችን የሁለታችን ነበር። አሁን የእሱ ብቻ ነው።

ዛሬ አንድ ነገር አለ። “ዘበኛውንም ገዛሽው።”

ታኅሣሥ 24

ጠዋት ግንባሩን ልነካ እጄን ሰደድኩ። ገፋው። “ሙቀት የለኝም።” ዓይኑ ግን የሚያብረቀርቅ ነገር ነበረው። “ዛሬ ቅር፣ ሐኪሟ ጋ እንሂድ” አልኩ። “ተተኪ የለም” አለ። ኮዳውን ጠረጴዛው ላይ ትቶት ወጣ።

ታኅሣሥ 25

ሆስፒታል፣ ኮሪደር ላይ ነኝ። ትኬት ቆራጯ ከእኔ ጋር ቆይታ አሁን ሄደች። እሷ የነገረችኝን ልጻፈው፤ ካልጻፍኩት ጭንቅላቴ ውስጥ ይዞራል።

ሲመለሱ ነው፣ ዳገቱ ላይ። እጁ መሪው ላይ ይንቀጠቀጥ ጀመር። “ጋሼ፣ ምነው?” ስትለው መልስ የለም። ቀስ ብሎ ወደ ዳር አወጣ፣ የእጅ ፍሬኑን ሳበ፣ ሞተሩን አጠፋ። ወደ ተሳፋሪው ዞሮ “ይቅርታ አድርጉልኝ፣ እዚህ ላይ መውረዴ ነው” አለ። መወጣጫው ላይ ወደቀ።

“ማንም አልሳቀም፣ እትዬ” አለችኝ። “ማንም።” ከኋላ በመጣ ፒካፕ ተሸክመው ጫኑት።

ጠዋት ዘበኛው ጋ ሄዶ ነበር። “ትንሽ ስጡኝ፣ እስከ ማታ የሚያደርሰኝ” ብሎ። ሽማግሌው ቃላቸውን ጠበቁ። የለም አሉት።

የለም ያልኩት እኔ ነኝ።

ታኅሣሥ 28

በቀለ። በዚህኛው ብልቃጥ ተህዋሱ በቀለ። ሐኪሟ ወረቀቱን አሳየችኝ፤ የመድኃኒት ስም ተደርድሯል፣ ከብዙው ጎን “አይሠራም” የሚል አለ። የሚሠራው የመርፌ ነው፣ እሱም አንድ ዓይነት።

“ያን ቀን ከቆርቆሮው ቢውጥ ኖሮስ?” አልኳት።

“ተህዋሱን አይገድለውም ነበር። ሁሉንም ለምዷቸዋል።”

“እስከ ማታ ያደርሰው ነበር?”

 “አላውቅም” አለች። ላለማስከፋት ያልዋሸችኝ አንድ ሰው እሷ ናት።

መግሉ ከፊኛው ወደ ላይ ወጥቶ የቀኝ ኩላሊቱን ጎድቶታል። ከእንግዲህ ብዙ አይሠራም። በግራው ነው የሚኖረው።

ሐኪሟ ተህዋሱን አይገድለውም ነበር ብላለች። ልቤ ይሄን ይዞ ማረፍ ነበረበት። አላረፈም።

ጥር 3

ቱቦ አስገብተውለታል። የሽንቱ ከረጢት አልጋው ጎን ተንጠልጥሏል። ሹፌሮቹ ሊጠይቁት ሲመጡ ከረጢቱን በጃኬቱ ይሸፍነዋል። እነሱም እንዳላዩ ይሆናሉ። ስለ ጎማ ያወራሉ።

ልጄ መጣች። “ጉንፋን ነው ያልሺኝ ይሄንን ነው?” አለችኝ በሹክሹክታ። አባቷን ሳመችው። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

ጥር 10

የአውቶቡሶቹ አለቃ መጣ። “ይረፍ፣ መሪውን ሌላ ሰው ይዞለታል” አለ። ምን ማለት እንደሆነ ለሁለታችንም ገባን። አለቃው ከወጣ በኋላ እግሩን ብርድ ልብሱ ሥር ሲያንቀሳቅስ አየሁት። ቀኝ እግሩን። ፍሬን እንደሚይዝ ሰው።

ጥር 21

ዛሬ ምንም።

የካቲት 2

ነገ ኦፕሬሽን ነው። ትራሱን ሳስተካክል እጄን ያዘኝ።

“ከዚህ በኋላ… ወንድ እሆናለሁ?”

እንዲህ ያለ ነገር ጠይቆኝ አያውቅም። 

“ዶክተሯ ትሆናለህ ብላለች።”

“እሷ በምን ታውቃለች?”

ትንሽ ፈገግ አለ። ከታኅሣሥ ወዲህ የመጀመሪያው ነው። ቶሎ ጠፋ።

የካቲት 19

ሥራ ጀመረ። መናኸሪያው ውስጥ ስምሪት ክፍል፣ መስኮት ላይ ነው። የትኛው አውቶቡስ መቼ ይወጣል፣ እሱን መናገር። ሌላ ሰው የእሱን መኪና ይዞ ሲወጣ “ሂድ” የሚለው እሱ ነው።

ኮዳው ፊቱ ተቀምጧል። ትኬት ቆራጯ “ከግመል ወደ ዓሣ ተዛወሩ” አለችው። ሰው ሁሉ ሳቀ። እሱ አልሳቀም።

ማታ ኮዳው ባዶውን መጣ። ባዶ አላምንም። ራዲያተር የለውም፤ መሬት ግን አለ።

የካቲት 27

በመናኸሪያው በኩል አለፍኩ። ሆን ብዬ ነው። ከመስኮቱ ሥር ሣር በቅሏል። አካባቢው በሙሉ ደርቆ ተሰንጥቋል፤ እዚያች ላይ ብቻ፣ የመስኮቱን ስፋት የምታህል፣ ለምለም ናት።

ሳቄ መጣ፤ ከዚያ ሌላው መጣ። ግድግዳውን ተደግፌ ቆምኩ።

ሽንት ቤቱ ከግቢው ጥግ ነው። ለመሄድ በሹፌሮቹ ሁሉ ፊት ማለፍ አለበት። ገባኝ። አንድ ኩላሊት ሰጥቶ፣ መሪውን ሰጥቶ፣ አሁንም ያንን የአውቶቡስ ሳቅ ነው የሚፈራው። ይሄን በምን መርፌ ያወጡታል?

ደክሞኛል። ለእሱ መፍራት ደከመኝ።

የካቲት 28

“ከመስኮትህ ሥር ሣር በቅሏል” አልኩት። ሌላ አልጨመርኩም። ማንኪያው አፉ ጋ ሳይደርስ ቆመ። መልሶ አስቀመጠው።

መጋቢት 8

ዘበኛውን መንገድ ላይ አገኘኋቸው። ከባሌ መውደቅ በኋላ ቆርቆሮውን ጥለውት ነበር፤ በሳምንቱ ሹፌሮቹ ሌላ አመጡ። “ትልቅ ነው” አሉኝ፣ እጃቸውን ዘርግተው እያሳዩኝ። “ምን ላድርግ፣ ልጄ? ሁሉም ይታመማል።”

መጋቢት 19

ተመለሰ።

ሐኪሟ “ሊመለስ ይችላል፤ አሁን ግን ሌላ ኩላሊት የለንምና አንጠብቀውም” ብላ ነበር። ሰምቼ ነበር። የሰሙትን ማየት ሌላ ነው።

የዕረፍት ቀኔ ነው። መስታወት እየወለወልኩ ሳለ በቀን ገባ። በቀን ገብቶ አያውቅም። ኮዳውን ጠረጴዛው ላይ አኖረው። ወንበር ሳበ፤ አልተቀመጠም፣ ተደገፈው።

“ጀመረኝ” አለ።

ከአንሶላ ነበር የምሰማው። ከተከፈተ ቧንቧ፣ ከግንባሩ ላብ፣ ከሰው አፍ። ከእሱ አፍ ዛሬ ነው።

“መቼ?”

“ትናንት ማታ። ያቃጥለኛል። አሁን ደግሞ ብርድ ብርድ ይለኛል።” ዓይኑ ግድግዳው ላይ ነው። “ምንም አልዋጥኩም። ቆርቆሮው አጠገብ ቆሜ ነበር። አልነካሁትም።”

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር?  እንደገና ኮሪደሩ። እንደገና መርፌው፣ ብልቃጡ፣ ወረቀቱ ላይ “አይሠራም”፣ “አይሠራም”። ይሄኛው አልፎ ሌላው እስኪመጣ… ቀሪው ዕድሜያችን ይሄ ነው? እሱም ይሄንኑ እያሰበ ነበር መሰለኝ።

ሹራቤን ደረብኩ። ኮዳውን አነሳሁት። ቀለለኝ፤ ግን ባዶ አይደለም። ወደ ብርሃን አዙሬ አየሁት፤ ግማሽ ነው። ሞልቶ ሲመለስ አውቀዋለሁ፣ ባዶውን ሲመለስም አውቀዋለሁ። ግማሽ አይቼ አላውቅም። እንደ ልማዴ ለአበባዋ ላፈስላት ክዳኑን ስከፍት ከበሩ ላይ ጠራኝ።

“ተይው። ያዢልኝ። መንገድ ላይ እጠጣለሁ።”